የማድ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለው አባዬ አይደለም

ለውድ እናቴ፣ ከዓይኔ ብትርቂም ከሆዴ ላልወጣሽው፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እንደምን አደርሽ፣ እንደምን ዋልሽ፣ እንደምን አመሸሽ? ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጠዋት ይሁን ማታ ስለማላውቅ ሁሉንም በአንድ ላይ ብያለሁ፤ የሚስማማሽን ምረጪ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃው መሀል ላይ ቆመሽ አንድ ነገር የረሳሽ ታስመስያለሽ? ዓይንሽስ? ሳልሽስ? ሳሉን በተለይ ነው የምጠይቅሽ፤ በስልክ ደህና ነኝ ስትይኝ ከ«ደህና» እና ከ«ነኝ» መሀል ሁለት ጊዜ ስለምታስይ አላመንኩሽም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጫማዬ ውሃ አያስገባም። የጎደልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገው እንደምትይ አውቃለሁ። አንቺ ስልክ ስታነሺ ቤቱ ሁሉ ጆሮውን ያስጠጋል፤ እህቴ ከጎን፣ ልጇ ከጉልበትሽ ስር፣ አንዳንዴም ጎረቤት በመስኮት። ይህን ግን ብቻሽን እንድታነቢው ነው የምፈልገው። መነፅርሽን ጥረጊና በረንዳው ላይ ተቀመጪ። ማድ ቤት ውስጥ ግን አትቀመጪ። እባክሽ ማድ ቤት ውስጥ አታንብቢው።

መጀመሪያ የኔን ወሬ ልንገርሽ፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ ብልም እጄ እሺ አላለኝም። የምሰራበት የእንግዳ ማረፊያ ሰባት ፎቅ አለው። እኔ ከመሬት በታች ነኝ፤ ክፍሌ ከትልቁ የውሃ ማሞቂያ ጀርባ ስለሆነች ግድግዳዋ ሁልጊዜ ለብ ያለ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ልብስ የምሰቅልበት አንድ የተረፈ ቧንቧ አለኝ። መስኮቷ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነች የሰፈሩን ሰው የማውቀው በጫማው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን አንድ ቡናማ ጫማ ያልፋል፤ ተረከዙ በውጭ በኩል ያለቀ፣ ግራውን ትንሽ የሚጎትት። አባዬ እንዴት ይረግጥ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። የሰውየውን ፊት ለማየት ወጥቼ አላውቅም። ሌላ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቁ ይበቃኛል። ግን በዚያ ሰዓት መስኮቷ ስር እንዳልታጣ አደርጋለሁ።

እዚህ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ታውቂያለሽ? ጋኔን አስወጪው። አትደንግጪ፣ ቀልድ ነው። ባለፈው ክረምት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ሴቶች አንሶላ ማስቀመጫው ውስጥ ሴት ታቃስታለች ብለው ስራ አቆሙ። አንዷ ድሮ እዚህ ቤት የሞተች ሙሽራ ናት አለች፤ ሌላዋ ስሜን ስትጠራ ሰምቻለሁ አለች፤ አለቃቸው፣ ክንዷ የኔን ጭን የሚያክል ሴትዮ፣ ብቻዋን አንሶላ ለማምጣት እንቢ አለች። እኔ መፍቻዬን ይዤ ገባሁና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሙሽራዋ የእንፋሎት ቧንቧ ላይ ያለች፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ስንጥቅ ሆና ተገኘች። ጠቀለልኳት፣ አጠበቅኳት፣ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ በር ቢንቋቋ፣ መብራት ቢርገበገብ የሚጠሩት እኔን ነው። እኔም ጉራዬን ታውቂዋለሽ፤ ደረቴን ነፍቼ፣ በዚህ ዓለም ላይ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያላገኘ ሰው ነው መንፈስ የሚለው እያልኩ መስበክ ጀመርኩ። አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው። ስብከቱን ግን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደተውኩት ነው የምጽፍልሽ።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ደወልሽልኝ። ድምፅሽ ያው የድሮው ድምፅሽ ሆኖ ነበር። መጣ አልሽኝ። ማን መጣ ብዬ ስጠይቅሽ አባትህ ነዋ አልሽ፤ በዚያው በሰዓቱ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማድ ቤቱን ሶስት ጊዜ አንኳኳ። በሩን ሳይሆን ግድግዳውን። ሲቆይ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሽቱ እራቱን ትተሽ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙረሽ መጠበቅ ጀመርሽ። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እኔ ወዲያው ቧንቧ ነው አልኳት።

ሐኪሙ ደረትሽን አይቶ ይህ ቤት እርጥበት አለው፣ ልጅሽ ጋ ሄደሽ ካልሰነበትሽ ሳሉ አይለቅሽም ሲልሽ፣ አንቺ የሰጠሽውን መልስ እህቴ ቃል በቃል ነግራኛለች። ማን ይከፍትለታል አልሽ። ሐኪሙ አልገባውም፤ እኛ ግን ገባን። ሳልሽ በየሳምንቱ እየባሰ፣ አንቺ ከዚያ ግድግዳ ፊት አልነሳም ስትይ፣ እህቴ በቀን ሁለቴ ትደውልልኝ ጀመር። አንድ ነገር አድርግ፣ አንተ የቧንቧ ሰው ነህ አለችኝ።

እማዬ፣ አሁን የምጽፈውን አንድም ቃል ሳታልፊ አንብቢ። የዚያን ቀን እህቴ ቤት እንድታድሪ የተጠራሽው የልጅቷ ጥርስ ስለወለቀ አልነበረም። ጥርሷ በእርግጥ ወልቋል፣ እሱ ውሸት አይደለም። የተጠራሽው ቤቱ ባዶ እንዲሆንልን ነው። አናጢው አማችሽ ሹልክ ብሎ ወደ ቤትሽ ሄዶ ነበር። በስልክ እየመራሁት የድስት መደርደሪያውን አወረደ፣ ከጀርባው ያለውን ሳንቃ ፈታ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚሄደውን ቧንቧ አገኘ። ከአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ ቆርጦ ዙሪያውን ጠቀጠቀ፣ በሽቦ አሰረው፣ ሳንቃውን መለሰ። አንቺን ስለሚፈራ ዕቃውን ሁሉ እንደነበረ ደረደረው፤ አንዲት ስኒ ብቻ ተገልብጣ ቀረች። ስትመለሺ ይህችን ስኒ ማን ገለበጣት ብለሽ ጠየቅሽ። እህቴ ድመት ሳትሆን አትቀርም አለችሽ። ድመት ስኒ ስትገለብጥ የት አይታ እንደሆነ እንጃ።

ግድግዳው ዝም ያለው ስለዚህ ነው። ዝም ያሰኘነው እኛ ነን፤ ያሰብኩት ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።

ሳይንኳኳ የቀረ ዕለት እኔ እዚህ ምድር ቤት ሆኜ ለብቻዬ ሳቅኩ። አስወጣሁት አልኩ። በማግስቱ ደወልሽ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ። ከዚያ አኮረፈኝ አልሽ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ሌሊት አኩርፎኝ ያላደረ ሰው፣ አንድ ቀን ጥዬው ብሄድ አኮረፈኝ አልሽ። እማዬ፣ ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ተዪው፣ ይመለሳል አልኩሽ። ጋኔን አስወጪው ልጅሽ፣ ምክንያት የሌለው ድምፅ የለም ብሎ ሲሰብክ የከረመው ልጅሽ፣ ይመለሳል አለሽ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ሳየው በራሴ አፈርኩ።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። እህቴ ቤት ሂጂ ሲሉሽ ጭራሽ የማይሞከር ሆነ። አንድ ሌሊት ብሄድ እንዲህ የሆነ፣ ሁለት ሳምንት ብሄድማ ለዘላለም ይቀየመኛል አልሽ። ምግብ ቀነስሽ። ግድግዳው ፊት ተቀምጠሽ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርሽ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ግድግዳው ከታች ወደ ላይ መርጠብ ጀመረ፤ አንቺም እያለቀሰ ነው አልሽ።

ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ አዝናልሽ ነው አዋቂ ነው የተባለውን ሰው ያመጣችልሽ፤ ልቧን አውቀዋለሁ፣ አልቀየማትም። ሰውየው እርጥቡን በመዳፉ ዳበሰና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይህ የባልሽ እንባ ነው፣ ልጁ መጥቶ መቃብሩ ላይ ካልቆመ አይደርቅም፣ እስከዚያ ከዚህ ቤት እንዳትወጪ አለሽ አሉ። ሲወጣ ጃንጥላውን እናንተ ቤት ረስቶ፣ የት እንደጣለው ጠፍቶት ሶስት ቀን ሰፈሩን ሲያስስ ከረመ አሉ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ማለት ይኸው ነው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ሳቅን። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቁ አልቆየልኝም። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ባያውቅም እኔ ውስጥ ያለውን አገኘው። ልጁ አልመጣም አለ። እውነቱን ነው፣ አልመጣሁም። የመኖሪያ ወረቀቴ ቢሮ ነበር፤ ብወጣ እንደማልመለስ ነግረውኝ ነበር፤ አንቺም አትምጣ፣ እንጀራህን አትጣ ብለሽኝ ነበር። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን አልመጣሁም።

አሁን ደግሞ እኔም ያላወቅኩትን ልንገርሽ፤ ለአንድ ሳምንት ሲያንገበግበኝ የሰነበተ ነው። ባለፈው ሐሙስ የሰፈሩ ውሃ ተቋርጦ ቆይቶ ድንገት ተለቀቀ። ውሃ ባዶ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ያገኘውን አየር እየገፋ ነው የሚመጣው፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ ቧንቧውን ይደበድበዋል። ሰባቱም ፎቅ በአንድ ጊዜ ይንኳኳ ጀመር። እኔ ደረጃውን እየሮጥኩ በየፎቁ አንድ አንድ ቧንቧ ከፈትኩ። ሲከፈት ፉ ይላል፣ ያስላል፣ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሰባተኛው ፎቅ ላይ እጄን የመጨረሻው ቧንቧ ላይ እንዳደረግኩ የአባዬ ነገር ትዝ አለኝ። እዚያው መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ቧንቧ እንደ ሰው ነው፣ ካልተነፈሰ ይጮሃል ይለኝ ነበር፤ ስራ ሲያስተምረኝ የመጀመሪያው ቃሉ ይህ ነው። ማታ ሲገባ ምን ያደርግ እንደነበር አስታውሺ እማዬ። ኮቱን ሳያወልቅ፣ ሳይቀመጥ፣ አንቺን እንኳን በቅጡ ሰላም ሳይል ማድ ቤት ይገባል። ቧንቧውን ይከፍታል። የኛ ሰፈር ውሃ የሚለቀቀው አመሻሽ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ፉ የሚል አየር ነው የሚወጣው። እሱ እጁን ከስሩ አድርጎ ይጠብቃል፤ ውሃው ሲስተካከል ይታጠብና ይዘጋዋል። አንቺ ደግሞ ከውጭ የመጣ እጅ በማድ ቤት ፎጣ አይጠረግም እያልሽ ትቆጪው ነበር። እጁን የሚታጠብ ነበር የሚመስልሽ። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እሱ ቧንቧውን እያስተነፈሰልሽ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት፣ ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት እስከነበረችው ምሽት ድረስ፣ ግድግዳሽ እንዳይጮህብሽ በየቀኑ ይህን ሲያደርግ አንድ ቀን አልነገረሽም።

እሱ ከሄደ፣ ማድ ቤቱን ሞልቶት የነበረው ለቅሶ ደራሽም ከተበተነ በኋላ በዚያ ሰዓት ቧንቧውን የሚከፍተው የለም። ስለዚህ አየሩ ይታፈናል፣ ቧንቧውም ግድግዳውን ይመታል። የሚያንኳኳው አባዬ ስለመጣ አይደለም እማዬ። ስላልመጣ ነው። ይህን ለመጻፍ ወረቀት ሁለቴ ቀድጃለሁ፤ ከዚህ በለሰለሰ ቃል ልለው ብሞክር አልሆነልኝም።

የኔን ጥፋት ደግሞ እዪልኝ። የአባቴን የመጀመሪያ ትምህርት ረስቼ፣ ቧንቧው ላልቶ ነው ብዬ ጎማ አስጠቀጠቅኩበት። ጎማው ድምፁን አፈነው እንጂ አየሩን አላወጣውም። አየሩ ሲገፋ፣ ጎማው ሲይዘው፣ በመሀል መጋጠሚያው ተከፈተ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚሉት፣ የሚያንኳኳ ግድግዳ አስተካክላለሁ ብዬ የሚያፈስ ግድግዳ ሰጠሁሽ፤ ለሳልሽ ደረቅ ቤት ስፈልግ ሳልሽን ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከኔ ይልቅ ጃንጥላ የረሳው ሰውዬ ሳይሻል አይቀርም፤ እሱ ቢያንስ ምንም አልሰበረም። እንባ አይደለም። እንባ ጨው አለው፤ ነክተሽ ቅመሺው ልልሽ ነበር፣ የግድግዳው ቀለም ሆድሽን እንዳያምሽ ብዬ ተውኩት። አናጢው ከውጭ ያለውን ዋናውን የውሃ መዝጊያ ሲዘጋው በማግስቱ እንባው ይቆማል፤ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። አባዬ ደግሞ በመዝጊያ ዝም የሚል ሰው እንዳልነበረ አንቺ ምስክር ነሽ።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህ ነው። አናጢው ሳንቃውን ይፈታዋል፣ ጎማውን ያወጣዋል፣ መጋጠሚያውን እኔ በስልክ እየነገርኩት ያጠብቀዋል። ግድግዳው እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሶስት፣ እህቴ ቤት ሁኚልኝ። ብትሄጂ የምትተዪው ሰው እዚያ ግድግዳ ውስጥ የለም። ዝም ያለብሽም የለም። በመሄድሽ ማንም አልተቀየመሽም። ለማን ብለሽ ነው ከውሃ ጋር የምታድሪው?

ስትመለሺ፣ ሲመሽ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከመሆኑ በፊት ማድ ቤት ግቢና ቧንቧውን ትንሽ ክፈቺው። ፉ ይላል፣ አትፍሪ። እጅሽን ከስሩ አድርገሽ ውሃው እስኪስተካከል ጠብቂ፣ ታጥበሽ ዝጊው። እጅሽን በምን ፎጣ እንደምትጠርጊ አልቆጣጠርሽም። ካልከፈትሽው ግን ይንኳኳል። ይህን የምነግርሽ አውቄ ነው። በየቀኑ ሲመታ መጋጠሚያው ስለማይችል በየቀኑ ክፈቺው። ግን እንዲያው አንድ ቀን ናፍቆቱ ጠንቶብሽ ሳትከፍቺው ብትቀሪ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ ብትሰሚው፣ ቧንቧው በአንድ ቀን አይበላሽም። አልቆጣሽም። እኔ ማን ነኝና።

እኔማ ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ። አባዬ አረፈ ተብሎ ሲነገረኝ ቀን ስድስት ሰዓት ነበር። ያረፈው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ነው አሉኝ። እኔ የመጀመሪያ ስራዬ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ወደ ኋላ ቆጠርኩ። በዚያች ሰዓት እኔ ጋ የሆነ ነገር ነበር ወይ ብዬ። ከእንቅልፌ ነቅቼ ነበር? የወደቀ ዕቃ ነበር? ማሞቂያው ለደቂቃ ቆሞ ነበር? የዘበኛውን መዝገብ ሳይቀር ለምኜ አየሁ። ምንም የለም። ጸጥ ያለች ሌሊት ናት። እኔ ተኝቼ ነበር፤ ደህና እንቅልፍ። አባቴ ሲሞት እኔ ደህና ተኝቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ወር ሙሉ ሰባት ፎቅ ቧንቧ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ያልሰማሁት ድምፅ የለም። እያንዳንዱን ስሰማ ምክንያቱን ከማወቄ በፊት ያለችው አንዲት ትንፋሽ የምታህል ጊዜ አለች፤ በዚያች ጊዜ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ምክንያት ባይኖረው እላለሁ። ከዚያ ምክንያቱን አገኘዋለሁ። ሁልጊዜ አገኘዋለሁ። አንቺ አባዬ መጣ ስትይኝ ያናደደኝ ሞኝነትሽ አልነበረም፤ አንቺ ሞኝ አይደለሽም። የቀናሁብሽ ነው የሚመስለኝ። ለአንቺ አንኳኳ፣ ለኔ አላንኳኳም ብዬ። በማላምንበት ነገር ቀናሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው ያለሽ።

እንግዲህ ግድግዳው ፊት ተቀምጠሽ ይቅር በለኝ ማለቱን ተዪው እማዬ። የበደለ እኔ ነኝ። ያታለልኩሽም፣ ውሃ ውስጥ ያስቀመጥኩሽም፣ ይመለሳል ብዬ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ። ከሞተ ሰው ጋር አስታራቂ የለም። እኔ ግን በህይወት አለሁ፤ ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ አኩርፊኝ፣ ስልኬን አታንሺ፤ እለምንሻለሁ፣ ሽማግሌ እልካለሁ፣ አንድ ቀን ትታረቂኛለሽ። ወረቀቴ በመጪው ክረምት ያልቃል ብለውኛል፤ ካለቀ በማግስቱ ተሳፍሬ መጥቼ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። እስከዚያ ደረትሽ ደህና ሆኖ ጠብቂኝ። አባዬን ሳልቀብር ቀርቻለሁ፤ አንቺንም ሳልቀብር ልቀር አልችልም።

ለእህቴ ከሩቅ እቅፍ አድርጌ ሰላም እላታለሁ፤ ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩና የድመቷም ነገር እንደታወቀባት ንገሪያት። ለአናጢው አማችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የታዘዘውን ነው የሰራው፣ ቁጣሽን ለኔ አቆዪው። ጥያቄ የምንላትን የእህቴን ልጅ ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ባለፈው በስልክ፣ አያቴ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ነው ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አያትሽ እዚያ አልገባም በያት፤ ስታድግ ስለ ቧንቧ የጠየቀችኝን ሁሉ እመልስላታለሁ። ለዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን፣ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዛ በርሽን ስለምታንኳኳ ውለታዋን አልረሳም፤ ከእንግዲህ ዳቦውን ብቻ ታምጣ።

ድሮ እዚህ ጋ ስደርስ ለአባዬ ብዬ እጽፍ ነበር። እሱም ሰላምታው ሲነበብለት፣ ይኸ ልጅ ስለ ስራው ምንም አልጻፈም እንዴ ይል ነበር አሉ። አሁን ብዕሬ እዚህ ቦታ ላይ ይቆምብኛል። ሰላምታውን የት እንደምልከው አላውቅም። እንግዲህ አንድ ቀን ጉልበትሽ ሲሻልሽ ስትሄጂ፣ ግድግዳው ጋ ሳይሆን መቃብሩ ጋ፣ ልጅህ ሳይቀብርህ ስለቀረ ይቅርታ ይጠይቅሃል በይልኝ። እንደማይሰማሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ጮክ ብለሽ በይልኝ።

ልጅሽ፣
ከምድር ቤቱ፣ ከማሞቂያው ጀርባ
ጥቅምት 19 ቀን